ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ፦ ከቤተሰብ ጋር የስድስት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከጅቡቲ የሚመጡ ቤተሰቦች የድሬዳዋንና የሐረርን ማረፊያዎች ይሞላሉ። የሚመጡት ከሙቀት ሸሽተው ነው። በእነዚያ ወራት ጅቡቲ ከተማ ቀን ቀን 40 ዲግሪን ታልፋለች፤ ኸምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስም አሸዋ ይዞ ፊት ላይ ይነሰንሳል። ስለዚህ እነሱ ወደ እኛ በሚመጡበት ወቅት እኛ ወደ እነሱ አንውረድ። ልጅና አረጋዊ ይዞ ባሕር ለማየት የሚነሣ ቤተሰብ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ይምረጥ። ያን ጊዜ ቀኑ ከ30 ዲግሪ ብዙም አይርቅም፣ ሌሊቱ ያስተኛል፣ ባሕሩም ለዋና አይቀዘቅዝም።

የዚህ ማስታወሻ ቀኖች የተሰደሩት በቦታዎቹ ቅርበት ሳይሆን በሰዓት ነው። ጅቡቲ ላይ ቀኑን የሚከፋፍሉት ፀሐይና ባሕር ናቸው። ከጠዋቱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ልጆችን ውጭ ይዞ መዋል በቀዝቃዛው ወቅት እንኳ ራስ ምታትና ማስመለስ ያመጣል፤ በማግስቱ የታቀደውም ይበላሻል። ባሕሩም ቢሆን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሲሸሽ የደረሰ ቤተሰብ የሚያገኘው ጭቃ ነው። ሦስተኛ የጫት ሰዓት አለ፤ እሱ በሁለተኛው ቀን ይመጣል።

ከመነሣት በፊት

ፓስፖርት ለሁሉም ሰው ያስፈልጋል፣ ጡት ለሚጠባ ሕፃንም ጭምር። ቪዛውን ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ከጅቡቲ ቆንስላ አጣሩ። ደንቡ ሊለወጥ ይችላል፤ «ድንበር ላይ ይሰጣል» የሚል ወሬ ብቻ ይዞ ስድስት ሰው ማንቀሳቀስ አይገባም። ከወላጆቹ አንዱ ብቻ ልጆቹን የሚወስድ ከሆነ የሌላኛውን ወላጅ የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤና የልጆቹን የልደት ሰርተፍኬት ይያዝ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ላይ ይቀመጥ፤ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ሲፈለግ የሚታጣው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ገንዘብ ነው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) 1 ዶላር በ177.721 ፍራንክ ላይ ቆሟል። ይህ ለሒሳብ ይመቻል፦ 1,000 ፍራንክ 5 ዶላር ከ60 ሳንቲም ገደማ፣ 10,000 ፍራንክ 56 ዶላር ገደማ ነው። ዶላሩን ከባንክ ለማውጣት ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ስለሚጠየቅ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ብር ይዞ ሄዶ እዚያ ልለውጥ ማለት ያከስራል፤ ከአገር ይዞ የሚወጣውም ብር ገደብ አለው። ጅቡቲ ርካሽ ከተማ አይደለችም፤ አብዛኛው ዕቃ ከውጭ የሚገባ ነውና ለምግብና ለመኪና ድሬዳዋ ላይ ከለመዳችሁት በብዙ እጥፍ ያዙ።

ባቡሩ በየቀኑ ስለማይሄድ ዕቅዱን ከመመለሻው ጀምሩ። መጀመሪያ የምትመለሱበትን ባቡር ቀን እወቁ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ መነሻውን ያዙ። ፕሮግራሙ ስለሚቀያየር ከጣቢያው ራሱ ጠይቁ። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መግጠሙንም መስኮቱ ጋ ቆማችሁ ተመልከቱ።

ቀን 1፦ በባቡር መውረድ

አዲሱ ጣቢያ ያለው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። እንግዳ ሰው «ባቡር ጣቢያ» ብሎ ባጃጅ ሲይዝ የድሮው ለገሀር በር ላይ ሊያወርዱት ይችላሉ፤ «አዲሱ» ብላችሁ ተናገሩ። የድሮው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በእሱ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917። አሁን በኤሌክትሪክ የሚሄደው መስመር በ2016 ተመርቆ በ2018 መጀመሪያ መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። አያቶች ካሉ ይህን ለልጆቹ እነሱ ይንገሩ፤ ድሬዳዋ ውስጥ ባቡር ያልነካው ቤት ጥቂት ነው።

ፍተሻው ጠበቅ ያለ ነው። ቢላ፣ የሚረጭ ሽቶና በጣሳ የታሸገ ማንኛውም ስፕሬይ ሊወሰድባችሁ ይችላልና አትያዙ። ለመንገድ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝና ብርቱካን ይበቃል፤ ብርቱካኑ እቤት ተልጦ ይምጣ። ውሃ በነፍስ ወከፍ 2 ሊትር። በሙቀት የሚበላሽ ወጥ አትያዙ።

መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። በአዲጋላ፣ በአይሻና በደወሌ አልፎ ድንበሩን ይሻገራል፤ ከዚያ አሊ ሳቢዬ፣ ሆልሆል፣ በመጨረሻም ናጋድ። ከ1,200 ሜትር ከፍታ ወደ ባሕር ጠለል ስለሚወርድ ሙቀቱ በየጣቢያው ሲጨምር ይታወቃል። መስኮቱ ላይ ለሚሰለች ልጅ አንድ ነገር አሳዩት፦ ከዚሁ በረሃ ሥር፣ ከአዲጋላ አካባቢ የሚወጣ ውሃ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቧንቧ ጅቡቲ ይገባል። ከ2011 ጀምሮም ከእኛ የሚሄድ ኤሌክትሪክ ቤታቸውን ያበራል። ማታ ሆቴል ውስጥ ቧንቧ ስትከፍቱ ልጁ ያስታውሰዋል።

ግመሎች ሐዲዱ ላይ ሲገቡ ባቡሩ ፍጥነት ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ይቆማል። የድንበሩ ወረፋ ሲጨመርበት የመድረሻው ሰዓት እንደ ተጻፈው ላይሆን ይችላልና ለዚያን ዕለት ማታ ምንም ነገር አትያዙ፤ ሆቴሉ ብቻ ይታወቅ።

ናጋድ ጣቢያም ከጅቡቲ ከተማ ውጭ ነው። አረንጓዴና ነጭ የተቀቡት ታክሲዎች ደጁ ላይ ይጠብቃሉ። ዋጋው ሻንጣ ከመጫኑ በፊት ይቆረጥ፤ «በሰው ነው ወይስ በመኪና?» የሚለውን ጥያቄ አትርሱ፣ ብዙው ጭቅጭቅ የሚነሣው ከእሱ ነው። ሶማሊኛ የሚችል ቤተሰብ በሶማሊኛ ይደራደር። አማርኛ የሚሰማም ብዙ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሰዓት። ጅቡቲና እኛ በአንድ ሰዓት ነን፤ እነሱ ግን የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ነው። የጀልባ ካፒቴን «በ8» ካላችሁ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ቀጠሮ ስትይዙ «ፀሐይ ስትወጣ»፣ «ከዙህር (ከቀትር ሶላት) በፊት» እያላችሁ አረጋግጡ። በዚህ ስሕተት ጀልባ ያመለጣቸውና ገንዘባቸው ያልተመለሰላቸው አሉ።

ማታ ሁሉም ታጥቦ ካረፈ በኋላ ወደ ምኒልክ አደባባይ ውጡ። ይፋዊ ስሙ የጅቡቲን የነጻነት ቀን፣ ጁን 27 ቀን 1977ን ይዟል፤ ሰው ግን ዛሬም «ፕላስ ምኒልክ» ይለዋል። ፈረንሳዮች ከተማዋን የመሠረቱት በ1888 ነው። በአደባባዩ ዙሪያ ያሉት ነጫጭ ቤቶች ፊታቸው በቅስት የተሠራ ነው። ቅስቶቹ ለውበት ብቻ አይደሉም፤ ቀን እግረኛው በጥላ ሥር ከሱቅ ወደ ሱቅ እንዲሄድ ነው። የድሬዳዋን ከዚራ ሰፈር የሚያውቅ ልጅ ዝምድናውን ሳይነገረው ያየዋል።

ካሜራ የያዘ ሁሉ ይህን ይወቅ፦ ወደብ፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ድልድይ፣ ቤተ መንግሥትና ወታደር ፎቶ አይነሣም። ከተማዋ የብዙ አገሮች የጦር ሰፈር ያለባት ናት፤ ልጁ በስልኩ ያነሣውም ይቆጠራል።

ቀን 2፦ ገበያ፣ ዓሣ፣ የጫት ሰዓት

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ። መጀመሪያ የሐሙዲ መስጊድ። በ1906 የተሠራ ነው፤ ክብ ሚናራው ከገበያው ግርግር ላይ ብቅ ብሎ ስለሚታይ ለጠፋ ሰው ምልክት ይሆናል። ልጆቹን «ብትጠፉ እዚያ ሚናራ ሥር» በሏቸው። ፊት ለፊቱ ያለው ሜዳ ዛሬ የማሕሙድ ሐርቢ አደባባይ ይባላል፤ በፊት በባለ ቅኔው በሬምቦ ስም ነበር። ሐረር ጁገል ውስጥ የሬምቦን ቤት ያየ ሰው ይህ ነገር ይገባዋል፤ ያ ፈረንሳዊ በ1880 ሐረር የገባው ከዚሁ ባሕር ወጥቶ ነው።

ከአደባባዩ ዙሪያ ሳሪፍሌ የሚባሉት ገንዘብ ለዋጭ ሴቶች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ታገኟቸዋላችሁ፤ ቦርሳቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ሲለውጡ ማየት ራሱን የቻለ ነገር ነው፦ ዶላሩን ወደ ፀሐይ ያነሡታል፣ ጠርዙን በጥፍራቸው ይዳስሱታል፣ የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ከሆነ ይመልሱታል። ስለዚህ ከድሬዳዋ ንጹሕ ዶላር ይዛችሁ ውጡ። የሚሰጡት ተመን ከባንኩ ብዙም አይርቅም። ፍራንኩን እዚያው ቆማችሁ ቁጠሩ፤ አይቀየሙም፣ እንዲያውም እንድትቆጥሩ ይጠብቃሉ። 10,000 እና 5,000 ብቻ ከሰጧችሁ 1,000 ጨምሩልኝ በሉ፤ ለታክሲ ዝርዝር የማታጡት እንደዚያ ነው።

ሌ ኬስ የሚሉት ገበያ የዕደ ጥበብ ነው፤ ቅርጫት፣ ጨርቅ፣ ዛጎል። ዛጎልና ኮራል አትግዙ። ከባሕር የተነቀለ ነው፣ ፍተሻ ላይም ጣጣ ያመጣል።

ምሳውን ወደ 6 ሰዓት ቀደም አድርጋችሁ የየመን ዓሣ ብሉ። ድሬዳዋ ላይ ዓሣ የሚደርሰው ተጉዞ ነው፤ ይህ ግን ጠዋት የወጣ ነው። አሠራሩን ልጆቹ ቆመው ይዩ፦ ዓሣው በጀርባው በኩል ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይገለጣል፤ አጥንቱ ሳይወጣ ውስጡ በበርበሬና በጨው ይቀባል። ከዚያ ተኑር በሚሉት ጥልቅ የሸክላ ምድጃ ውስጥ በብረት ተሰቅሎ ይገባል፤ ከታች ፍሙ፣ ከላይ ክዳኑ። አሥር ደቂቃ ገደማ ይቆያል። ቆዳው ጠቁሮ ይወጣል። እንዳረረ አትቁጠሩት፤ ቆዳው ጢሱንና እሳቱን ስለሚይዝለት ሥጋው ነጭና ርጥብ ሆኖ ይቀራል። በዚያው ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የበሰለ ሰፊ ስስ ቂጣ፣ ቲማቲምና ቃሪያ የተፈጨበት ዳጣ ይቀርባል። ከላይ ከማርና ከሙዝ ጋር የተፈተፈተ ቂጣ ካዘዛችሁ ልጆቹ ዓሣውን ትተው እሱን ይጨርሳሉ፤ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ዓሣውን ራሳችሁ ምረጡ። ዓይኑ ያልደፈረሰና የወጣ፣ ጉንጩ ሲገለጥ ቀይ፣ በጣት ሲጫኑት የሚመለስ ይሁን። ዋጋው እሳት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይነገር። 1 ኪሎ ለሁለት ትልልቅ ሰዎችና ለአንድ ልጅ ይበቃል። የትንንሾቹን እናንተ ልቀሙላቸው፤ የአንገቱ አካባቢ አጥንት ረቂቅ ነው። በርበሬው ለሚያቃጥለው ልጅ አንዱን ግማሽ ሳይቀባ በሉ፣ ያደርጉታል።

ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ከተማው ድምፁ ይለወጣል። ከአወዳይ የተነሣው ጫት የሚደርሰው ያኔ ነው። መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ ይበተናሉ፣ ሰው ወደየመብረዙ ይገባል፤ እኛ በርጫ የምንለውን እነሱ በዚያ ክፍል ውስጥ ይቀመጡታል። ከዚያ እስከ 10 ሰዓት ሱቅ ዝግ፣ ታክሲ ጥቂት፣ መንገዱ ጭር ነው። በዚህ ሰዓት ጉዳይ ለመጨረስ መሞከር ጉልበት መጨረስ ነው። ተኙ። ድሬዳዋ የለመደው የቀትር እንቅልፍ እዚህም ያው ነው።

10 ሰዓት ሲል ሲየስታ ወደሚሉት የከተማ ባሕር ዳርቻ። ከመሄዳችሁ በፊት ከሆቴሉ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ባሕሩ ሙሉ የሚሆነው መቼ ነው? እዚያ ወለሉ ለጥ ያለ ስለሆነ ባሕሩ ሲሸሽ እጅግ ርቆ ይሄዳል፤ የሚቀረው ጭቃና የሚሸት ሣር ነው። ሙላቱ በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ስለሚዘገይ ትናንት 10 ሰዓት የሞላ ዛሬ 11 ሰዓት ሊሞላው ምንም አይቀረው። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ሙላቱም ሽሽቱም ይበረታል። ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ 12 ሰዓት ነው፤ ወዲያው ይጨልማል።

ዓርብ የሳምንቱ ዕረፍት መጀመሪያ ነው፤ መሥሪያ ቤት የሚከፈተው ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው። የገበያውን ቀን ዓርብ ላይ አታድርጉት፣ ደሴቱንም እንዲሁ፤ ጀልባው ይጨናነቃል። በረመዳን የምትሄዱ ከሆነ ቀን የሚበላ ነገር ከሆቴል ውጭ ስለማይገኝ ለልጆቹ ያዙ።

ቀን 3፦ አሳል ሐይቅ

ይህ የጉዞው ከባድ ቀን ነው፤ ሁሉም እንቅልፍ የጠገበ ይሁን። መኪናው ከሾፌር ጋር ከአንድ ቀን በፊት ይያዝ። አየር ማቀዝቀዣው መሥራቱን ሞተር አስነሥታችሁ ተመልከቱ፣ ትርፍ ጎማውን አስከፍታችሁ እዩ። ሌሊቱን ሲቅም ያደረ ሾፌር ይዛችሁ አትውጡ። የመንገዱ የመጀመሪያ ክፍል የእኛ ከባድ መኪኖች የሚተራመሱበት ነው፤ ልጅ ተጭኖ በዚያ መንገድ ላይ የሚያንቀላፋ ሾፌር ያስፈራል።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሡ። ሐይቁ ከከተማው በምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ 2 ሰዓት ይፈጃል። ወደ ታጁራ የሚወስደው መንገድ ከዋናው ከተገነጠለ በኋላ የከባድ መኪናው ጋጋታ ይቀንሳል። ጉቤት የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ከላይ ሲታይ ውሃው ውስጥ ሾጣጣ ደሴት ቆሟል፤ የሰይጣን ደሴት ይሉታል። እዚያ አሥር ደቂቃ ቁሙ። የገደሉ ጫፍ አጥር የለውምና ልጅ እጁ ይያዝ።

ስሙን ከእኛው አሳሌ ጋር አታምታቱት። ያ ደናክል ውስጥ፣ በእኛ አፋር ነው፤ ይህ አሳል ነው፤ ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ፣ የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ። ባሕሩን ከጉቤት አይታችሁ ከእሱ በታች መውረድ ለልጆች የሚገርም ነው፣ ለትልቅ ሰውም። ውሃው የሚመጣው ከዚያው ከጉቤት ነው። በመካከል ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ የባሕሩ ውሃ ሰርጎ ወደ ታች ይፈሳል። መውጫ የለውም፤ ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፣ ጨው ይቀራል። እንዲህ ሆኖ ከባሕር አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ሆነ። በመንገዱ ዳር ያለው ጥቁር ድንጋይ ገና ወጣት ነው፤ አርዱኮባ እዚሁ የፈነዳው በኅዳር 1978 እ.ኤ.አ. ነው። አፍሪካና ዐረቢያ የሚለያዩበት ስንጥቅ ይሄ ነው፣ በአዋሽ አድርጎ ወደ እኛ የሚዘልቀውም ስምጥ ሸለቆ የእሱ ወንድም ነው።

ሐይቁ ዳር ጥላ የለም፣ ለመታጠቢያ የሚሆን ንጹሕ ውሃም አይገኝም። የሚያዘው ይህ ነው፦ ለመጠጥ በሰው 4 ሊትር፣ ለመታጠቢያ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለአምስት ሰው፣ ኦ አር ኤስ 4 ፓኬት፣ ባርኔጣና ነጠላ፣ የፀሐይ መነጽር (ነጩ ጨው እንደ መስተዋት ያንጸባርቃል)፣ የማይፈለግ የተዘጋ ጫማ። ሰንደል አይሆንም፤ የጨዉ ቅርፊት ጠርዝ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ይቆርጣል፣ የተቆረጠው ላይ ደግሞ ያው ጨው ይገባል።

ውሃው ውስጥ ስትገቡ አትዋኙ። በጀርባችሁ ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ፣ እሱ ራሱ ያነሣችኋል። በሆድ የተገለበጠ ሰው እግሩን መልሶ ወደ ታች ማውረድ ይቸግረዋል፣ ሲንፈራገጥ ዓይኑ ውስጥ ይገባበታል። ዓይን ከነካ በእጅ አይታሸም፤ እጁም ጨው ነው። ወደ ኋላ ቀና አድርጋችሁ ከጠርሙስ ንጹሕ ውሃ አፍሱበት። ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ እግሩን ብቻ ይንከር። በዚያው ጠዋት የተላጨ፣ ቁስል ያለው፣ የታመመ ቆዳ ያለው አይግባ። ከ15 ደቂቃ አትለፉ፤ ወዲያው ታጠቡ፣ ሳይታጠቡ የደረቁ እንደሆነ ቆዳው ነጭ ሆኖ ይጨማደዳል፣ ያሳክካልም። ስልክና ሰዓትም በርጥብ ጨርቅ ይጠረጉ።

የአፋር ልጆች በውሃው ተንከባሎ የተድቦለቦለ ጨው ይሸጣሉ። ከእነሱ መግዛት ደግ ነገር ነው፤ የእነዚህ ሰዎች አባቶች ከዚህ ጨው ጭነው በግመል ወደ እኛ ደጋ ይወጡ ነበር። ከ4 ሰዓት ተኩል በኋላ ግን አትቆዩ። ቀን 7 ሰዓት ሳይሞላ ከተማ ገብታችሁ ምሳ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ከሰዓት በኋላ ምንም አታቅዱ።

ቀን 4፦ ሙሻ ደሴት

ጀልባ የሚነሣው ሌስካል ከሚባለው የትናንሽ ጀልባዎች ወደብ ነው። ደሴቱ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ ነው፤ እንደ ጀልባው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ተነሡ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ባሕሩ ይናወጣልና መመለሻው ከ8 ሰዓት አይለፍ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የሕይወት ጃኬቶቹን አስወጡና ልጆቹን አልብሷቸው። ሳይጠየቅ የሚቀርበው የትልቅ ሰው ልክ ሊሆን ይችላል። ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ አገጩን አልፎ ወደ ላይ ከወጣ ውሃ ውስጥም እንደዚያው ሾልኮ ይወጣል። ልክ ከሌላቸው ሌላ ጀልባ ፈልጉ፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ክፍያው ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ሲመልሷችሁ ይሁን። የሚያስመልሰው ሰው ከኋላ፣ ከሞተሩ ቀረብ ብሎ ይቀመጥ፤ የሚዘልለው የጀልባው ፊት ነው። ከመነሣት አንድ ሰዓት በፊት ዝንጅብል ሻይና ደረቅ ዳቦ፤ ባዶ ሆድም ቅባት የበዛበትም ፉል አይሆንም።

ባሕሩ ከሸሸ ጀልባው ርቆ ይቆምና በእግር ትሻገራላችሁ። ኮራሉ ይቆርጣል፣ እሾሃማው የባሕር ጃርትም ድንጋዩ ሥር አለ፤ ጫማ ሳይወልቅ። ልጆች እጅጌው ረዥም ልብስ ለብሰው ይግቡ፣ ጀርባቸው የሚቃጠለው ውሃው ቀዝቅዟል ብለው ሲረሱት ነው። ጥላ ስለሚያንስ 3 በ4 ሜትር ሸራና ገመድ ያዙ። የለበሰ ሰው መዋኘት እዚህ የተለመደ ነው፤ ሴቶቻችን በዲራዕ (በሰፊው የሶማሊ ቀሚስ) ቢገቡ ማንም ዞሮ አያይም። ዲራዑ ግን ሲረጥብ ይከብዳል፣ እግርም ይጠላልፋል፤ ከጉልበት በላይ ለሚገባ ሱሪና ቲሸርት ይሻላል።

ከኅዳር እስከ ጥር ከሆነ በደሴቱ ፈንታ ወደ አርታ ዳርቻ ሄዶ ዌል ሻርክ ማየት ይቻላል። በመጠኑ ከዓሣዎች ሁሉ የሚበልጠው ዘር ነው፤ እዚህ የሚመጡት ግን ገና ያላደጉ፣ ብዙዎቹ ከ3 እስከ 6 ሜትር ናቸው። ሰው አይነኩም። ምግባቸው ደቃቅ ተንሳፋፊ ነገር ነው፣ አፋቸውን ከፍተው የሚሄዱት ለእሱ ነው። በደንብ የማይዋኝ ልጅ ከጀልባው ላይ ይይ፣ ይታየዋል። የሚገባው ሰው 3 ሜትር ይራቅ፣ አይንካ፣ ፊቱ አይቁም። ጀልባው እንስሳውን እያሳደደ ከሆነ ካፒቴኑን አቁም በሉት፤ ጭራው ወይም ጀርባው የሚቆረጠው በሞተሩ ነው።

ቀን 5

አረጋዊ ወይም ትንሽ ልጅ ካለ ይህ ቀን ይረፍበት። ጠዋት መራመድ፣ ቀን እንቅልፍ፣ ማታ ጀላቲ። ሁሉም ብርቱ ከሆነ ግን ታጁራ አለች፤ ነጫጭ ቤቶችና መስጊዶች ያሏት የአፋር ጥንታዊ ወደብ። ሬምቦ በ1886 ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ይዞ ወራት የተጉላላው እዚያ ነው። ትልቁ ጀልባ በየቀኑ አይሄድም፤ መሄጃው ኖሮ መመለሻው ከሌለ ሌላ የአዳር ወጪ ነው።

ቀን 6፦ ግዢና መመለስ

ግዢውን ለመጨረሻ ጠዋት ማስቀረት የሚሻለው ሻንጣውን በስድስቱም ቀን ላለመጎተት ነው። ኡንሲ (የሚጤስ ሽቶ)፣ ዲራዕና ሻሽ ይገዛል። የድሬዳዋን የቀፊራ ገበያ ክርክር የለመደ ሰው እዚህም ይከራከራል፣ ግን ለስለስ ብሎ፤ በግማሽ መጥራት እንደ ስድብ የሚቆጥር ሻጭ አለ። ለቤት የሚሆን መጠን ብቻ ግዙ። አንድ ዓይነት ልብስ አሥር ሲሆን ጉምሩክ ንግድ ነው ይላል፤ «ለዘመድ ነው» ማለት አይረዳም። ደረሰኝ ያዙ።

የአሳል ጨው እርጥበት ይስባል። ጅቡቲ ላይ ደርቆ የታሸገው ሻንጣ ውስጥ ያልባል፣ ልብስም ያበላሻል፤ በጋዜጣ ጠቅልላችሁ በክዳናም ላስቲክ ዕቃ አድርጉት።

ናጋድ ከባቡሩ መነሻ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ውሃውን ከከተማ ገዝታችሁ ግቡ። ድሬዳዋ ወርዳችሁ በዚያው ወደ ሐረር የምትወጡ ካላችሁ የልጆቹ ሹራብ ከሻንጣው በላይ ይቀመጥ፤ ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ናት፣ ጠዋት ባሕር ጠለል ላይ ላብ ያሰመጠውን ልጅ ማታ ወደ ሐረር በሚያወጣው በደንገጎ ዳገት ላይ የመኪናው መስኮት ተከፍቶ ያገኘው ብርድ ነው የሚያስለው።